በአቡጀዲ የተጠቀለለው ካያክ

ካያኩ ቂርቆስ ወዳለው ግቢያችን የገባው ለሁለት ተሰብሮ ነው። አንዱን ግማሽ እኔ፣ ሌላውን አንድ የጋራዥ ባልደረባዬ ጭንቅላታችን ላይ ደፍተን በጠባቡ መተላለፊያ ስናስገባው ያዩን ሰዎች የገላ መታጠቢያ ገንዳ መስሏቸው ነበር። አንዷ ጎረቤታችን እንዲያውም ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ገንዳ ምን ሊሠራልህ ነው ብላኛለች። ጀልባ ነው ስላት ደግሞ ከገንዳው የባሰ ነው የሳቀችው። ሲወጣ ግን አንድ ሆኖ ወጣ። ርዝመቱ አምስት ሜትር ከአሥር ሳንቲም፣ ክብደቱ ስልሳ ሁለት ኪሎ ነበር። ይህን በግምት አልናገርም፤ ከወፍጮ ቤት ሚዛን ተውሼ ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ አስቀምጬ ደምሬዋለሁ።

ካያክ አይቶ ለማያውቅ፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ ውስጡ የሚቀመጥበትና በመቅዘፊያ የሚነዳው ጠባብ ጀልባ ነው። ይኼኛው ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚቀመጥበት ዓይነት ነበር።

ያኔ ካዛንቺስ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ የተሰበረ የመኪና መከላከያ፣ ፓራውልት፣ በፋይበር መጠገን ነው፤ ከመስታወት ክር የተሠራውን ጨርቅ በሬዚን እየነከርኩ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረብኩ ማድረቅ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። የሬዚኑ ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ የየቀኑን ብርድና ሙቀት፣ ሬዚኑ የደረቀበትንም ሰዓት ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው የተማርኩት። የጋራዡ ባለቤት እጄን ይወደው ነበር። ትልቅ ሥራ ሲመጣ ግን ወረቀት የለህም ይለኝና ሌላ ሰው ከቀለም በፊት የቀባውን ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት እንዳለሰልስ ይሰጠኛል። ሦስት ዓመት ስቱኮ አለሰለስኩ።

ካያኩን የላከችልኝ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለ የአንድ ሎጅ አስተዳዳሪ ናት። መኪናዋን ጋራዥ አስገብታ ስትጠብቅ ሥራዬን ቆማ ስታይ ቆየችና፣ የመጋዘን ጣሪያ ወድቆባቸው የተሰባበሩ አምስት ካያኮች እንዳሏት ነገረችኝ። በሳምንቱ የባሰበትን መርጣ ላከችው። የባሰበትን የመረጠችው ሆን ብላ እንደሆነም አልደበቀችኝም። ስምምነታችን አጭር ነበር።

«የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት አምጣው። እኔ እያየሁ ውኃ ላይ ይውጣ። ውኃ ካላስገባ የቀሩትን አራቱን አንተ ትሠራቸዋለህ። ካስገባ አምስቱንም ለቁራሌው ነው የምሰጣቸው። ከሰዓት እንግዶች አሉብኝ፤ ስብርባሪ ግቢዬ ውስጥ አላሳድርም።»

አራት ካያክ ማለት ለእኔ ከስቱኮ መውጣት ማለት ነበር። በራሴ ስም የምሠራው የመጀመሪያ ሥራ ነው። እሺ አልኳት።

ጋራዡ አምስት ሜትር ነገር የሚያስተኛ ቦታ ስላልነበረው ግቢያችን ውስጥ፣ በላስቲክ ዳስ ሥር ሠራሁት። የሬዚኑ ሽታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከግቢው አልወጣም። ጎረቤቶቼ ሽሯችን ቀለም ቀለም አለ ብለው ቢያጉረመርሙም ማንም ሥራህን አቁም አላለኝም። ሁለቱን ግማሾች ገጥሜ ከውስጥ አራት፣ ከውጭ ሦስት ጊዜ ደረብኩበት። ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ የከበደውም ለዚያ ነው። ብሠራው ኖሮ ብዬ የምጸጸትበት አንድም ድርብ ግን የለም። ከእጄ ውጭ የነበረው የሰኔ ብርድ ብቻ ነው። ሬዚን በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ቅዳሜ ሲደርስ መገጣጠሚያው በጥፍር ሲጫኑት አይሰረጉድም ነበር፤ ሆኖም ካያኩ ቢጣመም ወይም መሀሉ ላይ ቢረግብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። የፀጉር ስንጥቅ ደግሞ በዓይን አትታይም። የምታውቃት ውኃ ብቻ ናት።

ስለዚህ ካያኩ መሬት ላይ እንዳይጎተት፣ በምንም መንገድ እንዳይጣመም፣ መንገድ ላይም ፀሐይ እንዳያገኘው ወሰንኩ፤ ገና ያልጠነከረ ሬዚን በፀሐይ ይለሰልሳል። ለፀሐዩ ስል ስምንት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ገዝቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቀለልኩትና ሦስት ቦታ አሰርኩት። ነጭ ጨርቅ ሙቀት ይመልሳል። አቡጀዲ ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ለምን እንደሚውል ለአፍታም ትዝ አላለኝም።

መውጫው አላስፈራኝም። ከሞራሌ እንጨት የካያኩን ርዝመትና ወርድ ያክል ገጥሜ፣ በዋዜማው መተላለፊያው ውስጥ አዙሬ ሞክሬዋለሁ። ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ ፊቱ ከጎረቤት የቆርቆሮ አጥር በላይ አንድ ክንድ ካልተነሣ አያልፍም፤ ከተነሣ ግን ሁለት ጣት ይተርፋል። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልክ እንዳልኩት ሆነ። ፊቱን አነሣን፣ አዞርን፣ ሁለት ጣት ተረፈ።

የተሸከምነው አራት ነን፤ እኔ፣ ሁለት ቆርቆሮ የሚያቃኑ ላሜሪስቶችና አንድ ቀለም ቀቢ፣ ሁላችንም ከጋራዡ። ቀለም ቀቢው ከአራታችን ረጅሙም ወሬኛውም ነው። መንገድ ስለሚያሳይ ብዬ ከፊት አደረግኩት። የሚጭነን አይሱዙ ሰፈር ውስጥ መግባት ስለማይችል ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አልፎ አስፋልቱ ላይ ነው የሚጠብቀን። እስከዚያ ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። እርምጃችን እኩል ካልሆነ ካያኩ ስለሚጣመም ወሬ ከለከልኩ። እኔ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ እቆጥራለሁ። ቀለም ቀቢው ራሱ ዝም አለ።

እንግዲህ አስቡት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ካፊያ፣ አራት ሰዎች በትከሻቸው ረጅም ነገር ተሸክመዋል። ነገሩ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ሦስት ቦታ ታስሯል። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳይነጋገሩ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ይራመዳሉ።

ሽንኩርት የምትቸረችር ሴትዮ ከመደቧ ተነሥታ ቆመች። መንገድ የለቀቀችልን መስሎኝ በአንገቴ አመሰገንኳት። እሷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። ከኋላችን የመጣ ታክሲ አልቀደመንም፤ ሾፌሩ ዘፈኑን ዘግቶ በእኛ እርምጃ ይከተለን ጀመር፤ ወያላውም ስታዲየም፣ ስታዲየም ማለቱን ትቶ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ መቶ ሰማንያ፣ መቶ ሰማንያ አንድ እያልኩ ነው። የሰፈሩ ሰው ለሥራዬ እንዲህ ክብር አለው እንዴ ብዬ ማሰቤን አልረሳውም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ስንደርስ ከኋላችን ወደ ሃያ ሰው ይከተለን ነበር። ዘበኛው አሻግሮ አየንና ትንሿን በር ትቶ ትልቁን በር ግራና ቀኝ በረገደልን። እኛ አልገባንም። በፊቱ አለፍን። ያን ጊዜ ከኋላ ጉምጉምታ ተነሣ፤ ሬሳ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያልፍ ማን አይቷል። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴትዮ ፈጠን ብላ ደረሰችብኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ወንድሜ፣ ማን ነው ያረፈው?»

ሁለት መቶ ዘጠና ላይ ነበርኩ። ቁጥሩ ጠፋኝ። መልሱን የሰጠው ከፊት ያለው ቀለም ቀቢ ነው።

«ኧረ እናቴ፣ ይሄ ገና ነው። ዛሬ ነው የሚጠመቀው።»

ከጎኑ ያለው ላሜሪስት ሳቁን ለመያዝ ሞከረና አቃተው። ሳቅ ወደ ትከሻ ይወርዳል። ካያኩ ትከሻዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ቀድሞ ሲወርድ ተሰማኝ። ቁሙ አልኩ። የመገጣጠሚያውን ሥር በአቡጀዲው ላይ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ምንም የለም። ግን ምንም ቢኖርም በጣት አይታወቅም።

የእድራችን የቀብር ኃላፊ የደረሱት ያኔ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ ያለ እርሳቸው ከቤቱ የወጣ አስከሬን የለም። ሬሳ አለፈ ሲባሉ ፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ነው የመጡት። ፊታቸው ላይ ሐዘን አልነበረም፤ ቁጣ ነው። ሰው ሞቶ፣ ጡሩንባ ሳይነፋ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ እርሳቸው ሳይጠሩ።

«ከማን ቤት ነው?» አሉኝ።

«ከማንም ቤት አይደለም ጋሼ። ጀልባ ነው።»

«ምንድን ነው?»

ጫፉን ገለጥ አድርጌ ቢጫ ቀለሙን አሳየኋቸው። ዝቅ ብለው አዩት። ከዚያ የአቡጀዲውን ጠርዝ በሁለት ጣት ያዙና፣ ፋይል የጠፋበትን ጸሐፊ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ለጀልባ፣ አቡጀዲ። በቂርቆስ በር።»

ለፀሐይ ነው አልኳቸው። ካፊያው ኮታቸው ላይ እየወረደ ወደ ሰማይ ቀና ብለው አዩ። ከኋላችን ያለው ሰው ግን ሰምቶ ኖሮ መሳቅ ጀመረ። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና፣ በጠዋቱ እንባዬን በከንቱ አፈሰስከው ብላ ጀርባዬን በመዳፏ መታ አደረገችኝ። የተናደደው የታክሲው ሾፌር ብቻ ነበር። ክላክሱን እየነፋ አለፈን፤ ወያላው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ነፍስ ይማር አለን።

አሁን ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ሽማግሌው የሚያዩት ትከሻችንን ነበር።

«ይሄን ቀውላላ ማን ነው ፊት ያደረገው?»

እኔ ነኝ አልኩ።

«ጭነቱን ሁሉ ወደ ኋላ እያንሸራተተባችሁ ነው። ግራና ቀኙም እኩል አይደለም። ውስጡ ሰው ቢሆን እስካሁን በጎኑ ተኝቶ ነበር።»

ልክ ናቸው። ካያኩን በሚሊሜትር ለክቻለሁ፤ መተላለፊያውን ለክቻለሁ፤ እርምጃውን ቆጥሬያለሁ። የአራት ሰው ትከሻ ከመሬት ስንት እንደሚርቅ ግን አልለካሁም። ሁለት መቶ ዘጠና እርምጃ ሙሉ መገጣጠሚያውን ሲያጣምመው የነበረው ይኸው ነው። ስንጥቅ ወጥቶ ከሆነም የወጣው እዚህ መንገድ ላይ፣ በእኔ ስህተት ነው። ካያኩን አውርደን ለማየት ጊዜም ቦታም አልነበረንም። እንደዚያ ለሰዓታት ሳላውቅ መቆየት ግዴታዬ ሆነ።

ጋሼ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ አቆሙንና በመዳፋቸው ትከሻ ከትከሻ እያመሳከሩ ከፋፈሉን። ከተከተለን ሰው ውስጥ ሁለት የእድሩን ሰዎች በዓይናቸው ጠሩና ስድስት አደረጉን። ቀውላላው ቀለም ቀቢ ኋላ፣ ከእርሱ እኩያ ጋር ሆነ። ትከሻ የደከመው ሰው ቆሞ አያስቆምም፤ የሚተካው ከጎኑ ገብቶ ጭነቱን ሲቀበል እሱ ሾልኮ ይወጣል አሉን። ቁጠራዬንም አስቆሙኝ። የፊተኛውን ተረከዝ እያየህ ሂድ፣ ተረከዝ አይዋሽም አሉኝ። የቀረውን መንገድ እንደዚያ ሄድን። ካያኩ ትከሻዬ ላይ መኖሩን እስክጠራጠር ድረስ ጸጥ አለ።

አይሱዙው ላይ በተነፉ የጎማ ከመነዳሪዎች ላይ ካስተኛነው በኋላ ጋሼ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ቁልቁለት አለው?»

«ሎጁ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ወደ ሐይቁ የሚወርደው ደረጃ መጨረሻው በዝናብ ፈርሷል ብለውኛል። አራት ሜትር ያህል።»

«ጠብቀኝ» አሉና ሄዱ። ሱሪና ባርኔጣ ለብሰው፣ ሁለት ረጅም ገመድ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ተመለሱ። ገመዱን ስመለከት አዩኝና የእድሩ እንዳልሆነ ነገሩኝ። የእድሩ ገመድ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ይሄ የግላቸው ነው፣ የውኃ በርሜል የሚያስሩበት። ጋቢና ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ።

ሁለቱ የእድር ሰዎችም አብረውን ተሳፈሩ፤ እኔ ከካያኩ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ከጎተራ እስከ ቃሊቲ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በቂጤ አውቀዋለሁ። ዱከም ላይ ፀሐይ ወጣ፤ ከባድ፣ ከዝናብ በኋላ የሚመጣው ዓይነት ፀሐይ። እጄን አቡጀዲው ሥር ሰድጄ ብዳስሰው ካያኩ ቀዝቃዛ ነው። ስለ አቡጀዲው ዛሬም አልጸጸትም።

ሎጁ ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አስተዳዳሪዋ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን፤ ሰላም አለችንና ሰዓቷን አየች። ከደረጃው መጨረሻ ጋ ስንደርስ የሎጁ ሠራተኞች ነገሩን አቀለሉት። ሣሩ እርጥብ ነው፣ በሆዱ አስተኝታችሁ ልቀቁት፣ ራሱ ይወርዳል አሉ። አይጎተትም አልኩ። አንደኛው፣ ጀልባ ነው እንቁላል ነው ብሎ ጠየቀኝ። ለዛሬ እንቁላል ነው አልኩት።

ጋሼ እስከዚያ ቦታውን እየዞሩ ሲያዩ ቆይተዋል። ደረጃው የነበረበት ቦታ በጎርፍ ተበልቶ እንደ ቦይ ጎድጉዷል፤ ግራና ቀኙ ከፍ ብሎ ሰው ያስቆማል። ይህን ቅርጽ ያውቁታል። ገመዶቹን ከካያኩ ሥር በየት በየት እንደማሳልፍ ጠየቁኝ። እያንዳንዱን ገመድ በጫፉና በመገጣጠሚያው መካከል አድርጌ አሳየኋቸው፤ እንደዚያ ሲሆን መሀሉ አይረግብም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሦስታችንን በግራ፣ ሦስቱን በቀኝ ዳር አቁመው፣ እርሳቸው ከታች ውኃው ዳር፣ ሁላችን የምናያቸው ቦታ ላይ ቆሙ።

«ስናወርድ ማንም አይናገርም» አሉ። «እጄን ብቻ ታያላችሁ። መዳፌ ወደ መሬት ሲዞር አንድ ጭብጥ ትለቃላችሁ። ስጨብጥ ትቆማላችሁ። የሚቸኩል ካለ ከአሁኑ ይውጣ።»

የሚቸኩል አልነበረም። ካያኩ ቦዩ መሀል አየር ላይ ተንጠለጠለ። መዳፋቸው ዞረ፤ ለቀቅን፤ አንድ እርምጃ በዳሩ ወረድን። እንደገና ዞረ። ግማሽ መንገድ ላይ የቀለም ቀቢው እግር ጭቃው ላይ አዳለጠው፤ የእርሱ ገመድ ላላና የካያኩ ኋላ ወደ ቀኝ ዘመመ። የጋሼ እጅ ጨበጠ። ስድስታችንም ቆምን። ማንም ቀለም ቀቢውን አልሰደበውም። እርሱ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ቀብሮ፣ ገመዱን ቀስ አድርጎ ስቦ ካያኩን እስኪያስተካክል ድረስ ሁላችን ገመዱን እንደያዝን ጠበቅነው። ጣቶቼ ነጭ ሆነው ነበር። መዳፋቸው እንደገና ዞረ።

ካያኩ ውኃውን ሲነካ ድምፅ አላወጣም። ገመዶቹ ብቻ ላሉ።

አቡጀዲውን ፈትቼ ውስጡ ወረድኩና በመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ በጠመኔ ወፍራም መስመር አሠመርኩ። ጠመኔ ውኃ ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል፤ አይደበቅም። አስተዳዳሪዋ ማን እንደሚወጣ ጠየቀችኝ። ከኋላ የእርስዎ ቀዛፊ፣ ከፊት እኔ አልኳት።

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ለምን አንተ ትወጣለህ?»

«መገጣጠሚያውን የማውቀው እኔ ነኝ።»

የመንሳፈፊያ ጃኬት አስመጥታ ራሷ አሰረችልኝ። ቀዛፊው እስከ ሐይቁ መሀል አወጣኝ። ሐይቁ ምን ይመስል እንደነበር ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ዓይኔን ከጉልበቴ መሀል፣ ከሁለቱ መስመሮች ላይ አላነሣሁም። ስንመለስ፣ በቀኝ በኩል፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቦታ ጠቆረች። አቁም አልኩት። መቅዘፊያውን አነሣ። ቦታዋን በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ አደረቅኩና በላዩ አዲስ ጠመኔ ቀባሁ። ከመቅዘፊያው የተንጠባጠበ ከሆነ አይመለስም። ስንጥቅ ከሆነ ይመለሳል። ቀዛፊው ምን እንደምጠብቅ ስለገባው እርሱም አጎንብሶ ያይ ጀመር። ሁለታችንም ሳንንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ ተቀመጥን። ካያኩ በነፋሱ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ፀሐዩ ከግራዬ ወደ ጀርባዬ ሄደ። ጠመኔው ነጭ ነበር።

«ደረቅ ነው» አለ ቀዛፊው።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት። ቆየን። ደረቅ ነበር።

ዳር ስንደርስ አስተዳዳሪዋ ክንዷን ወደ ውስጥ ሰድዳ ጣቷን ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችው። ጣቷ ላይ የቀረው ዱቄት ነው። አሻሸችና አራገፈችው። ካያኩ ጠዋት መንገድ ላይ በእኔ ስህተት እንደተጣመመ፣ እስካሁንም ይዞ ይሁን አይሁን ሳላውቅ እንደቆየሁ ያን ጊዜ ነገርኳት። ለምን አሁን ትነግረኛለህ አለችኝ። በቀሩት አራቱ ላይ እንዳይደገም አልኳት። ጋሼን አየች፣ ጋሼም እኔን።

«አራቱ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናቸው» አለች። «ግን አዲስ አበባ አትወስዳቸውም። እዚሁ እየመጣህ ነው የምትሠራቸው።»

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። አራቱም ተደራርበው ዙሪያቸውን ሣር በቅሎባቸዋል። የላይኛውን ገልብጬ ከኪሴ እርሳስ አወጣሁና ስብራቶቹን አንድ በአንድ ማክበብ ጀመርኩ። ቀለም ቀቢው ምሳ ቀርቧል ብሎ ሁለት ጊዜ ጠራኝ። ሦስተኛውን ስብራት ከብቤ ጨርሼ ነው የሄድኩት።